ፈረስ አዋቂው ግራዝማች

መርዶውን ይዞልኝ የመጣው የአማቴ አሽከር ቢምረው ነው። ከእስቴ ተነሥቶ፣ ያን ገጥሞ ያልገጠመ ጉልበቱን እየጎተተ ንፋስ መውጫ ድረስ መጣና ደጄ ላይ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆመ። ገና ሳየው ገባኝ።

«ወይዘሮ አንጓች፣ ግራዝማች ዐረፉ» አለኝ።

ነፍስ ይማር ማለት ነበረብኝ። ያልሁት ግን «ከምን ላይ ወድቀው?» ነው።

ቢምረው አፉን በነጠላው ሸፈነ። ለቅሶ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ሳቅ እንደሆነ ዐወቅሁ። እኔም አልቻልሁም። ሁለታችን በር ላይ ቆመን ጎረቤት እስኪሰማን ድረስ ሳቅን። ከዚያ አስገባሁት፣ ጠላ ቀዳሁለት፣ የቀብሩን ነገር ጠየቅሁት። ሕዝቡ ብዙ ነበር አለኝ። አስለቃሿ «የዳማው ገሪ፣ የፈረሱ ጌታ» እያለች ሙሾ ስታወርድ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ እንባቸውን ጠረጉ። ነገሩን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች!

እንግዲህ ስለዚያ የፈረስ ጌታ የማውቀውን እኔ ልናገር።

ግራዝማች ዘለቀ አማቴ ነበሩ፤ የባሌ የሙሉጌታ አባት። አንቱ የምላቸው ምላሴ ስለለመደ ነው እንጂ ከአክብሮት አትቁጠሩብኝ። ግራዝማችነቱን ያገኙት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። በምን ሥራ እንዳገኙት የሚያውቅ ሰው አልገጠመኝም። ጠላት ባገራችን ሳለ የት እንደነበሩ ሲጠየቁ ግን ሁልጊዜ ሳል ይይዛቸው ነበር።

መልካቸው የማዕረግ ነበር፤ ያን አልነሣቸውም። ረጅም፣ ደረተ ሰፊ፣ ጢማቸው በወግ የተከረከመ፣ ካባቸው ከትከሻቸው የማይወርድ። ከእጃቸው አለንጋ አይጠፋም፤ ሲናገሩ የገዛ ባታቸውን መታ መታ ያደርጉበታል። ሰው ስለ እህል ቢያወራ፣ ስለ ሙግት ቢያወራ፣ ስለሞተ ዘመዱ ቢያወራ፣ እሳቸው ወሬውን ዞር አድርገው ፈረስ ላይ ያሳርፉታል። «እኔ ፈረስ አይቼ ተሳስቼ አላውቅም» ነበር የዘወትር ቃላቸው። ፈረስ የሚገዛ ጎረቤት ሁሉ እሳቸውን ይዞ ገበያ ይወርዳል። እሳቸው የመረጡለት ፈረስ ገደል ይዞት ሊገባ ቢደርስ እንኳ ለማንም አይናገርም፤ የግራዝማችን ዕውቀት ናቀ እንዳይባል።

አመራረጣቸው ለብቻው ትርኢት ነበር። ከፈረሱ ርቀው ይቆማሉ። አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አለንጋቸውን ቀስረው «አፉን ክፈተው» ይላሉ፤ የሚከፍተው አሽከራቸው ቢምረው ነው። «እግሩን አንሣው» ይላሉ፤ የሚያነሣውም ቢምረው ነው። ከዚያ ትንፋሻቸውን ረዘም አድርገው ይስቡና «ደም አለው» ወይም «ደም የለውም» ይላሉ። አለቀ፤ ይግባኝ የለውም። ርቀው መቆማቸውን አገሩ ሁሉ ከጥበብ ቆጠረላቸው።

እኔን ሙሽራ ሆኜ ወደዚያ ቤት ስገባ የገረመኝ ሌላ ነው። እኒህ ፈረስ አዋቂ የሚሄዱት በበቅሎ ነበር። ያውም በሰጋር በቅሎ፣ ያውም ቢምረው ልጓሟን ይዞ እየመራት። «ግልቢያ የጎረምሳ ነው፤ ለማዕረግ የሚገባው በቅሎ ነው» ይሉ ነበር። በፈረስ ላይ ተቀምጠው ያያቸው ሰው በአገሩ አልነበረም። ይህን ጮክ ብሎ የተናገረም አልነበረም።

እኔ የሲማዳ ልጅ ነኝ። አባቴ ከወገዳ ወዲያ ባዝራ እያረባ የበቅሎ ውርንጭላ የሚሸጥ ሰው ነበር። ባላባት ነኝ የሚል ወንድ ባዝራ ላይ ከታየ መሳቂያ ነው፤ ሴት ፈረስ ትወልዳለች እንጂ አትጫንም ይላሉ። እኔና ወንድሞቼ ግን በባዝራ ጀርባ ላይ ነው ያደግነው። አባቴ ለልጅ የሚሆን ከብት ሲመርጥ ቀኑን ሙሉ ይፈጅ ነበር። ከኋላዋ መጥቶ በድንገት ያወራል፤ ሆዷ ሥር ያጎነብሳል፤ ውሻችንን በአጠገቧ ያስሮጣል። «ልጄ፣ ለልጅ ሲሆን ቁመት አትይ፣ መልክ አትይ» ይለኝ ነበር፤ «ልጁ ሲወድቅ ቆማ የምትጠብቀውን እይ።»

ባሌ ወታደር ነበር፤ ያን ጊዜ ሐረር ነበረ። ልጃችን አስማማው ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ መካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት መከፈቱን ሰምቶ «ልጄ ይግባልኝ» ብሎ በሰው ላከ። ቤታችን ከከተማው ራቅ ይላል፤ ለትልቅ ሰው እንኳ ደህና መንገድ ነው፣ ወንዝም አለው። ከተማ ሰው ቤት ይደር ሲባል ግራዝማች «የእኔ የልጅ ልጅ የሰው እጅ አያይም» አሉ። ስለዚህ በከብት ጀርባ እየተቀመጠ፣ ቢምረው እየተከተለው፣ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት በኋላ እንዲመለስ ተወሰነ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ ግራዝማች ጢማቸውን ዳሰሱና «ፈረሱን እኔ እመርጥለታለሁ» አሉ።



ምራት በአማቷ ፊት ቀና ብላ አትናገርም። እኔ ግን ምግብ አቅርቤ ሲጨርሱ፣ እጃቸውን እያስታጠብሁ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ተናገርሁ።

«ጌታዬ፣ አባቴ ዘንድ አንዲት ሐመር ባዝራ አለች። አሮጊት ናት። ልጅ ጅራቷን ቢጎትት እንኳ ዞራ አታይም። ብልክ በደስታ ይሰጠናል።»

እጃቸውን ከውሃው ላይ መነጨቁ።

«ባዝራ! የዘለቀ የልጅ ልጅ በባዝራ! የፊታውራሪ ደስታ ሰዎች መንገድ ላይ ቢያዩት ምን ይላሉ?»

ፊታውራሪ ደስታ ጎረቤታችን ነበሩ፤ በርስት ይዋሰናሉ፣ በማዕረግም ይበልጧቸዋል። ግራዝማች ካባ ሲያሰፉ፣ አጥር ሲያጥሩ፣ ድግስ ሲደግሱ፣ ጾም እንኳ ሲጾሙ የሚያስቡት ፊታውራሪ ምን ይሉ ይሆን ብለው ነው።

«ሕፃን ነው፣ ጌታዬ» አልሁ።

«ሕፃን ስለሆነ ነው ገና ከአሁኑ መታየት ያለበት» አሉኝ።

ለቅዳሜ ገበያ መካነ ኢየሱስ ወረዱ። እኔም በርበሬ እገዛለሁ ብዬ ከኋላ ከኋላ ተከተልሁ። የከብት ተራ ስደርስ ግራዝማች መሐል ላይ ቆመው፣ ሰው ከቧቸው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፊታቸው የቀረበው የአንድ ቄስ ሰንጋ ፈረስ ነበር። አፉ ሸብቷል፤ የባለቤቱ ትንሽ ልጅ ጀርባው ላይ ተጋድማ ሽንብራ ቆሎ ትበላለች፣ እሱ ቆሞ ያንቀላፋል። አምላኬን በሆዴ አመሰገንሁ። አባቴ ቢኖር ሌላ አያይም ነበር።

«ይህን ለምን አመጣችሁልኝ?» አሉ ግራዝማች። «ልጁን ፈረስ ላይ ላስቀምጠው ነው የመጣሁት ወይስ አልጋ ላይ ላስተኛው?»

ሰው ሳቀ። ቄሱ አፍሮ ፈረሱን ወሰደ። ሁለተኛው አጭር፣ ወፍራም፣ ዝምተኛ ነበር፤ «አህያ ኮርቻ ስለተጫነባት ፈረስ አትሆንም» ብለው መለሱት። ከዚያ አንድ ዘዋሪ ነጋዴ ዳማ ድንጉላ ፈረስ እየሳበ ገባ። አንገቱ የተቀሰረ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ኮከብ ያለው፣ ጋማው እስከ ትከሻው የወረደ፤ በእውነት ውብ ነበር። ገበያው ሁሉ ዞሮ አየው። ግራዝማችም ያዩት ፈረሱን አልነበረም፤ የሚያየውን ሰው ነው።

እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ጆሮው ቆሞ አያውቅም፤ ወደ ኋላ ተለጥፏል። ብብቱና ከኮርቻው ሥር ያለው ቆዳው ነጭ የደረቀ ላብ ይዟል። ነጋዴውም ማንንም ከኋላው አያስጠጋም፤ ሰው ዞር ባለ ቁጥር አብሮ ይዞራል። ጠዋቱን ዳገት ለዳገት ሲጋልበው ቆይቶ፣ ሲዝል ነው ለገበያ ያቀረበው።

ጠጋ አልሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ጌታዬ፣ ላቡን ይመልከቱት» አልሁ። «ደክሞት ነው እንጂ የዋህ ሆኖ አይደለም። ነገ ጠዋት ሲያርፍ ሌላ ፈረስ ነው የሚሆነው።»

ግራዝማች ለእኔ አልመለሱም። ለገበያው መለሱ።

«ሰማችሁ? የሲማዳዋ ምራቴ የፈረስ ላብ ታነባለች! አባትሽ ቤት ባዝራ ስታልቢ ነው መሰል ያደግሽው!»

የሳቁት ሰዎች ሁሉ ፊታቸው ዛሬም ይታየኛል። ነጋዴው ከሁሉ በላይ ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ «እግዜር ያሳይዎ፣ ጌታዬ፣ በግ ነው! በግ!» አለ።

ግራዝማች ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ደም አለው» አሉ።

ገዙት።

በጉ ቤታችን ገብቶ ገብስ በልቶ ባረፈ ማግስት ቢምረውን ጉልበቱ ላይ ረገጠው። ውሃ ሊያጠጣው ከፊት ነበር የሄደው፤ ፈረሱ ነው የዞረበት። ወጌሻ ተጠርቶ አሸው፤ አጥንቱ ጠሞ ቀረ። ግራዝማች ከደጃፉ ሆነው አዩና «ከኋላው ትሄድበታለህ፣ ታዲያ ምን ያድርግ? ደም እንዳለው ነገርሁህ» አሉት። አስማማው ይህን ሁሉ አይቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ፈረሱ ሲያሽካካ በሰማ ቁጥር እየሮጠ መጥቶ ቀሚሴ ውስጥ ይገባ ነበር።

ልጁ የሚቀመጥበትን ቀን ግራዝማች ለሚካኤል ዝክር ቀጠሩት፤ እንግዳ በሚበዛበት፣ ፊታውራሪም በሚገኙበት ቀን። እኔ የማልለምነው አልነበረም። አማቴን እሜቴ በላይነሽን ጉልበታቸውን ይዤ ለመንኋቸው፤ «አንድ ቃል ይናገሩልኝ» ብዬ። እንዝርታቸውን ሳያቆሙ «ልጄ፣ እኔ ዝም ብዬ ነው እዚህ ዕድሜ የደረስሁት» አሉኝ። ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ነገርሁ። መምሬ ከዚያ ቤት ድግስ ቀርተው አያውቁም። «ግራዝማች ያውቃሉ፣ ልጄ። ፈረስ ማወቅ ጸጋ ነው» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

የዝክሩ ዕለት እንግዳው ከበላና ከጠጣ በኋላ መስኩ ላይ ተቀመጠ። ፈረሱን ሁለት ጠንካራ ጎረምሶች ከግራና ከቀኝ ይዘው አወጡት። የተጫነበት የትልቅ ሰው ኮርቻ ነው፤ ልጅ የማይቀመጥበት ይመስል ለልጅ የሚሆን ኮርቻ እንኳ አላሰቡለትም። እርካቡ የአውራ ጣት ማስገቢያ ቀለበት ነው። የልጄን ባዶ እግር አየሁ፤ ቀለበቱን አየሁ። ጣቱ እዚያ ገብቶ ቢወድቅ ፈረሱ እስከ ወንዙ ይጎትተዋል። አስማማው አዲስ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ እኔን ፈልጎ በዓይኑ ሴቶቹን ሁሉ ያዳርሳል።

«ና፣ ወንድ ልጅ!» አሉ ግራዝማች ከሩቅ ቆመው። «አንሡት!»

ከሴቶቹ መሐል ተነሥቼ ወጣሁ። ልጄ ዘንድ ደረስሁና እጁን ያዝሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜም በአማቴ ፊት ቀና አልሁ።

«ጌታዬ፣ ፈረሱ የዋህ ከሆነ አስቀድመው እርስዎ ይቀመጡበትና ልጁ ይይ። እርስዎን ካየ አይፈራም።»

የግራዝማች ፊት አመድ መሰለ። አለንጋው ባታቸው ላይ ቆመ።

«እኔ... ዛሬ ወገቤን...» አሉ።

ሳይጨርሱ ፊታውራሪ ደስታ ጋቢያቸውን አስተካክለው «እውነቷን ነው» አሉ። «እኛም እኮ የፈረስ ጌታ እየተባለ እንሰማለን እንጂ አላየንም። ያሳዩን።»

ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረም። ደግፈው አወጧቸው። ኮርቻው ላይ ሲቀመጡ ሁለት እጃቸው ጋማውን ጨብጦ ነበር፤ ልጓሙን ረስተውታል። ጎረምሶቹ ፈረሱን እንደያዙ ናቸው፤ ግራዝማችም ልቀቁት አላሉም። ፊታውራሪ ናቸው «ልቀቁለት እንጂ! የፈረስ ጌታ ተይዞለት ነው እንዴ የሚሄደው?» ያሉት።

ለቀቁት።

ዳማው አንድ ጊዜ ዘለለ። ካባው በአንድ በኩል፣ አለንጋው በሌላ በኩል ሄደ። ግራዝማች የፈረሱን አንገት አቅፈው «የእናት ያለህ! ያዙልኝ! ያዙልኝ!» እያሉ በገብሱ ክምር ሥር አለፉ፣ በእንግዳው መሐል አለፉ፣ መምሬ ጥምጥማቸውን ይዘው ሸሹ። ፈረሱ የከብቶቹ በረት ጋ ሲደርስ ከአጥሩ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። ግራዝማች አልቆሙም። በአጥሩ ላይ አልፈው እርጥቡ እበት ውስጥ ወደቁ። ጫማ አድርገው ስለነበር ጣታቸው ቀለበቱ ውስጥ አልገባም፤ ያ ነው ያዳናቸው።

ሰው እየሮጠ አነሣቸው። የትከሻቸው አጥንት ተሰብሯል፤ ጢማቸው በእበት ተለስኗል። የመጀመሪያ ቃላቸውን ሁሉም ሰማ።

«አልወደቅሁም። ወረድሁ።»

እኔ የዚያ አገር ሰው ምን እንደሆነ ያን ቀን ዐወቅሁ። አንዱ «ወረዱ» አለ። ሌላው «አዎ፣ ወረዱ» አለ። መምሬ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ «በሰላም ወረዱ፤ ተመስገን» አሉ። የገዛ ዓይኑን ያመነ አንድ ሰው ጠፋ። ፊታውራሪ ብቻ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው «እንዲህ ያለ አወራረድ አይቼ አላውቅም» አሉ።

በማግስቱ ከቤት ተባረርሁ። ፈረሱን ያስበረገገው የእኔ ምላስ ነው ተባለ፤ የእኔ ዓይን ነው ያለም አለ። «ትሂድ፤ ልጁ ግን የእኔ ነው» አሉ ግራዝማች ከአልጋቸው ላይ ሆነው። አስማማው አንገቴን አልለቅም ብሎ ጣት በጣት ነው ያላቀቁት። ያንን ጩኸቱን ይዤ ነው ሲማዳ አባቴ ቤት የገባሁት። እህል አልበላ አለኝ። በእልሃቸው ዳግመኛ ያስቀምጡታል እያልሁ፣ መንገድ ላይ ሰው በታየ ቁጥር መርዶ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

እሳቸው ግን ፈረሱን ካጠገባቸው ለማራቅ ቸኩለው ነበር። ለፊታውራሪ ደስታ በስጦታ ላኩት፤ ይውደቁበት ብለው መሆኑን ማንም አልሳተውም። ፊታውራሪ ሞኝ አይደሉም፤ አመስግነው ተቀበሉና ኮርቻ ሳይጭኑበት ከባዝሮቻቸው ጋር ለቀቁት።

አባቴ ሽማግሌ ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ሲማዳና እስቴ ተመላልሰው ይዘውት የመጡት ፍርድ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እንድጠይቅ ነው። አባቴ ደም ሥሩ ተገታትሮ «ምን አጠፋችና!» አለ። እኔ «ድንጋዩን አምጡት» አልሁ። ልጄን የማገኝ ከሆነ ተራራም እሸከም ነበር።

ድንጋዩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ግቢያቸው ገባሁ፤ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ። ክንዳቸውን በጨርቅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጠዋል።

«ይማሩኝ፣ ጌታዬ።»

«በምን?» አሉ። ሕዝቡ ፊት እንድናገረው ፈልገው ነው።

«አፌን በመክፈቴ።»

ማሩኝ። ድንጋዩን አወረዱልኝ። እኔ ግን ከተንበረከክሁበት አልተነሣሁም። «ከማሩኝ ልጄ ይማር፤ በአባቴ ባዝራ ይሂድ» አልሁ። ሽማግሌዎቹም ሰልችቷቸው ነበርና «እሺ ይበሉ፣ ግራዝማች» ብለው ወተወቱ። ግራዝማች ረጅም ጊዜ ጢማቸውን ሲዳስሱ ቆዩና ሁለት ነገር አዘዙ፤ አንደኛ፣ ባዝራ ተብላ እንዳትጠራ፣ ፈረስ ትባል፤ ሁለተኛ፣ ልጁ ከተማው መግቢያ ላይ ይውረድና የቀረውን በእግሩ ይሂድ፣ ሰው እንዳያየው። ሽማግሌዎቹ ይህን ከምር አስበውበት፣ ተመካክረው፣ ተስማሙ!

ሐመሯ መጣች። አስማማው መጀመሪያ ከቀሚሴ አልወጣም። አባቴ አንዳች አላለውም፤ እሷን መስኩ ላይ ለቀቃትና ተቀምጦ ያወራኝ ጀመር። ልጁ ቀስ እያለ ወጣ፣ ተጠጋ፣ አፍንጫዋን ነካ። ከሰዓት በኋላ ሆዷ ሥር ተቀምጦ ሲጫወት አገኘሁት። አባቴ የሠራለት ትንሽ ኮርቻ ነበረች፤ እርካቧም ሰፊ፣ እግር የማይዝ። ትምህርት ጀመረ። ክረምቱ መግቢያ ላይ አንድ ቀን ሲመለስ እንቅልፍ ወስዶት የወንዙ መሻገሪያ መልካ መሐል ተንሸራቶ ወደቀ። ቢምረው በዚያ ጉልበቱ እስኪደርስ ድረስ ሐመሯ ውሃው እየገፋት ንቅንቅ አላለችም፤ ልጁ የፊት እግሯን አቅፎ ቆሞ ነበር። ቢምረው ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። ለግራዝማች ሲነገራቸው «ማንም አላየውም አይደል?» ብለው ጠየቁ።

ይህን ሁሉ ብዬ እንኳ ሰውየውን ሞኝ ብቻ አድርጌ ልረሳቸው እችል ነበር። የማልረሳቸው ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ነው።

በዚያው ዓመት አንድ ቀን ከሙግት ሲመለሱ በቅሎዋ መንገድ ላይ ቆቅ ተነሥቶባት ደንብራ ነበር። አልጣለቻቸውም፤ ዘለል ብላ ቆመች እንጂ። ቤት ሲገቡ ግን ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። እሜቴ በላይነሽ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ ቢምረው በቅሎዋን ሊያራግፍ ወጣ። በእግር ማጠቢያው ገበታ ለብ ያለ ውሃ አምጥቼ እግራቸውን ማጠብ ጀመርሁ። እግራቸው እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ።

«አቤት።»

«እኔ ፈረስ እፈራለሁ።»

እጄ ቆመ። በዚያ ቤት ስኖር ከአፋቸው የሰማሁት የመጀመሪያው እውነት ነበር።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው» አሉ፣ ወደ በሩ እያዩ። «ሲያሽካካ ስሰማ አንጀቴ ይርዳል። ያን ዳማ እንኳ ገና ገበያ ላይ ሳየው ፈራሁት። ክፉ እንደሆነ ዐውቄዋለሁ።»

አልዋሽም፤ ለአንድ አፍታ አሳዘኑኝ። ሽማግሌ ሰው፣ እግራቸው ውሃ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ። ያን ሁሉ ዘመን ከሩቅ የቆሙት በምን እንደሆነ ገባኝ።

«ታዲያ ለምን ገዙት?» አልሁ ቀስ ብዬ።

«የሚያስፈራ ፈረስ ነዋ ሰው የሚያየው።»

«ልጄን ሊያስቀምጡበት ነበር እኮ። ክፉ እንደሆነ እያወቁ፤ እርስዎ ራስዎ እየፈሩት።»

ዞር ብለው አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም፣ ያፈሩም አይመስሉም። ጥያቄው ነው ያልገባቸው።

«ልጅ አይደል እንዴ?» አሉኝ። «ልጅ ቢፈራ ማን ያይበታል?»

ባያውቁ ኖሮ ይቅር እላቸው ነበር። ስለ ፈረስ ምንም የማያውቅ ጉረኛ ቢሆኑ፣ ስቄ እተዋቸው ነበር። እሳቸው ግን ያውቃሉ። አንጀት ሲርድ ምን እንደሚመስል በአገሩ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ያንን ነው አዲስ ልብስ አልብሰው ለስድስት ዓመት ልጅ ሊሰጡ የነበረው።

አንዷን እግራቸውን አጥቤ ጨርሻለሁ። ሁለተኛዋ ከነጭቃዋ ነበረች። ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ አኖርሁና ተነሣሁ።

«ይቺን እርስዎ ይጠቧት» አልኋቸው።

ገበታውን እፊታቸው ትቼ ወጣሁ። ደጅ ቆሜ፣ ተጣርተው እስኪጮሁብኝ ጠበቅሁ። አልጠሩኝም። ከዚያ ውሃው መንቦጫረቅ ጀመረ።